ከዋሽንግተን ስቴት ፍርድ ቤቶች የአስተዳደር ሰነድ እንዴት ይጠየቃል?

ፍርድ ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ችሎቱን ነው። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት መሥሪያ ቤትም ነው፤ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ውል ይዋዋላል፣ አስተርጓሚ ያሰማራል፣ በጀት ያወጣል፣ የአሠራር መመሪያ ይጽፋል። በሲያትል፣ በረንተን፣ በኬንት ወይም በታኮማ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ «የአማርኛ አስተርጓሚ ስላልተገኘ ቀጠሮው ተራዝሟል» ተብሎ ቢመለስ፣ ይህ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚደርስ፣ ፍርድ ቤቱ ለአስተርጓሚ ምን ያህል እንደሚከፍልና አስተርጓሚ ሲጠፋ ምን እንዲደረግ መመሪያው እንደሚያዝ የሚያውቅበት መንገድ አለ። እነዚህ ሰነዶች የሕዝብ ናቸው። የሚጠየቁበት ሥርዓት ግን ከፖሊስ ወይም ከከተማ አስተዳደር ሰነድ ከሚጠየቅበት ይለያል፤ አብዛኛው ጥያቄ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው።

በዋሽንግተን ስቴት የሥራ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤቶች የሚተዳደሩት መነሻው በ1972 ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው ሕግ በሆነው በፐብሊክ ሬከርድስ አክት (የሕዝብ ሰነዶች ሕግ)፣ በአር.ሲ.ደብልዩ ማለትም በስቴቱ የሕግ መድበል ምዕራፍ 42.56 ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ሕግ የዳኝነቱን አካል እንደማይመለከት በ1986 ስለ ክርክር መዝገቦች፣ በ2009 ደግሞ በፌዴራል ዌይ ከተማ ጉዳይ ወስኗል። ክፍተቱን የሞላው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ያወጣው ጄኔራል ሩል 31.1 ነው፤ በአጭሩ ጂ.አር 31.1 ይባላል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ይሠራል፤ የሚሠራውም ከዚያ ቀን ወዲህ ለተዘጋጁ ሰነዶች ነው። ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ሰነድ በሌሎች የፍርድ ቤት ደንቦች፣ አግባብ ባላቸው ሕጎችና የሁለቱን ወገን ጥቅም በሚያመዛዝን የቆየ መለኪያ ይታያል። ስለዚህ የ2014 ውል የሚፈልግ ሰው መጠየቅ ይችላል፤ ጂ.አር 31.1ን ብቻ ጠቅሶ ግን መከራከር አይችልም።

ጥያቄው ላይ «በፐብሊክ ሬከርድስ አክት መሠረት» ብለው ቢጽፉ ብዙ ጊዜ የሰነዶች ኃላፊው በትክክለኛው ደንብ መሠረት ያስተናግድዎታል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ያልተሟላ መልስ ሲያገኙ የሚጠቅሱት የጊዜ ገደብና የቅጣት ድንጋጌ ፍርድ ቤቱን የማይመለከት ይሆናል። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጂ.አር 31.1 ብለው ይጻፉ።

ሰነዱ ከየትኛው ወገን ነው?

በፍርድ ቤት ያለ ወረቀት ሁሉ ከሦስት በአንዱ ይወድቃል። የመጀመሪያው የክርክር መዝገብ ነው፤ ክስ፣ መልስ፣ ማስረጃ፣ ትእዛዝ፣ ውሳኔ። ይህ የሚገኘው ከመዝገብ ቤቱ፣ እዚህ ክለርክ ከሚባለው ቢሮ ነው፤ በኪንግ ካውንቲ ሱፒሪየር ኮርት፣ ማለትም በካውንቲው ዋና የሥር ፍርድ ቤት፣ ቢሮው ዲፓርትመንት ኦፍ ጁዲሻል አድሚኒስትሬሽን ይባላል። የራሱ ደንብና የራሱ ክፍያ አለው። በሱፒሪየር ኮርት ማኅተም የሌለው የወረቀት ቅጂ ገጹ 50 ሳንቲም፣ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ ገጹ 25 ሳንቲም ነው። የራስዎን የፍቺ ውሳኔ ለማግኘት በጂ.አር 31.1 ቢጠይቁ ጥቂት ቀን ባክነው «ወደ ክለርክ ይሂዱ» ይባላሉ።

ሁለተኛው የዳኛው ጽሕፈት ክፍል ሰነድ ነው። ዳኛው ወይም ከዳኛው ጋር በቀጥታ የሚሠሩ ረዳቶች ያዘጋጁት ወይም የሚይዙት፣ በጽሕፈት ክፍሉ ቁጥጥር ሥር ያለ ማስታወሻ፣ ረቂቅና ደብዳቤ በዚህ ይጠቃለላል። ይህ አይሰጥም፤ በይግባኝም አይወጣም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ የአስተዳደር ሰነድ ዳኛው እጅ ስለገባ ብቻ የዳኛው ጽሕፈት ክፍል ሰነድ አይሆንም። ደንቡ ይህን በግልጽ ይላል። የአስተርጓሚ በጀት ሠንጠረዥ ለዳኛዋ በኢሜይል ቢላክላት፣ የአስተዳደር ክፍሉ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ የአስተዳደር ሰነድ እንደሆነ ይቀራል። «ዳኛዋ ዘንድ ነው ያለው» የሚል መልስ ሲመጣ መጠየቅ ያለበት ማን አዘጋጀው፣ የት ይቀመጣል የሚለው ነው።

ሦስተኛው የእኛ ጉዳይ፣ የአስተዳደር ሰነድ ነው፦ ፍርድ ቤቱ ወይም የፍርድ ቤት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ወይም የያዘው፣ ከመሥሪያ ቤቱ አመራር፣ ቁጥጥርና አስተዳደር ጋር የተያያዘ ሰነድ። ውሎች፣ ኢንቮይሶች (የክፍያ መጠየቂያዎች)፣ በጀት፣ የሠራተኛ መመሪያዎች፣ የአስተርጓሚ ምደባ መርሐ ግብር፣ የግዥ ሰነዶች፣ ስለ እነዚህ የተጻጻፉ ኢሜይሎች እዚህ ይገባሉ።

የትኛው በር ይንኳኳል?

የዋሽንግተን ፍርድ ቤቶች በአንድ መዝገብ ቤት የሚተዳደሩ አይደሉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በሲያትል፣ በታኮማና በስፖኬን ያሉት ሦስት የይግባኝ ችሎቶች፣ በ39 ካውንቲዎች የሚያገለግሉት ሱፒሪየር ኮርቶች፣ የዲስትሪክት ኮርቶችና የከተማ ፍርድ ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሰነድ ይይዛሉ፤ እያንዳንዳቸውም የሕዝብ ሰነዶች ኃላፊ ማለትም ፐብሊክ ሬከርድስ ኦፊሰር የመሰየምና የአጠያየቁን ሥርዓት ለሕዝብ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። የኃላፊው አድራሻና ፎርም በፍርድ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ «አድሚኒስትሬቲቭ ሬከርድስ» በሚል ርእስ ይፈለጋል። «ኮርት ሬከርድስ» የሚለው ብዙውን ጊዜ ወደ ክለርክ ነው የሚወስደው።

በኦሊምፒያ ያለው አድሚኒስትሬቲቭ ኦፊስ ኦፍ ዘ ኮርትስ፣ በአጭሩ ኤ.ኦ.ሲ.፣ የሁሉም ፍርድ ቤቶች አለቃ ይመስላል። የስቴቱን የፍርድ ቤት ኮምፒውተር ሥርዓት ያስተዳድራል፣ የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎችን ብቃት ይመዝናል፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ኮሚቴዎችን ያግዛል። የአንድ ከተማ ፍርድ ቤት የሠራተኛ ኢሜይል ወይም የኪራይ ውል ግን ኤ.ኦ.ሲ. ዘንድ የለም። ጥያቄውን «ከላይ ከላኩት ወደ ታች ይመሩታል» ብሎ ወደ ኦሊምፒያ መላክ ጊዜ ማጥፋት ነው።

ኤ.ኦ.ሲ. ጋ መሄድ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ለአስተርጓሚ ክፍያ ከስቴቱ የወጪ መጋራት የሚያገኙ ፍርድ ቤቶች የከፈሉትን ዘርዝረው ለኤ.ኦ.ሲ. ያቀርባሉ። በአማርኛ ትርጉም ላይ በብዙ ፍርድ ቤቶች የወጣውን ማወዳደር ለሚፈልግ ሰው፣ አሥር ፍርድ ቤት ከመጠየቅ መጀመሪያ ይህን የወጪ መጋራት መረጃ ከኤ.ኦ.ሲ. መጠየቅ ብዙ ድካም ያድናል።

ሌላም በር አለ። ፍርድ ቤቱ የሚከፍለው በከተማው ወይም በካውንቲው ፋይናንስ በኩል ከሆነ፣ የክፍያው ቅጂ እዚያም ይገኛል፤ የፋይናንስ ቢሮው ደግሞ የሥራ አስፈጻሚ አካል ስለሆነ በፐብሊክ ሬከርድስ አክት ይገዛል። በዚያ ሕግ ሰነድ ያለአግባብ የከለከለ መሥሪያ ቤት ለእያንዳንዱ ቀን እስከ 100 ዶላር ሊቀጣ ይችላል፤ በጂ.አር 31.1 እንዲህ ያለ የቀን ቅጣት የለም። ያው ኢንቮይስ በሁለት ቦታ ካለ፣ በሁለቱም መጠየቅ መብትዎ ነው።

ከእኛ ማኅበረሰብ ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባው የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ነው። እሱ የስቴት ፍርድ ቤት ካለመሆኑም በላይ በዳኝነቱ አካል ሥር እንኳ አይደለም፤ በፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለ መሥሪያ ቤት ነው። ሰነዱ የሚጠየቀው በፌዴራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ፣ በተለምዶ ፎያ በሚባለው ነው። ጂ.አር 31.1 እዚያ አይሠራም። በተቃራኒው ፎያ በስቴት ፍርድ ቤቶችም ሆነ በፌዴራል መደበኛ ፍርድ ቤቶች ላይ አይሠራም።

ጥያቄውን መጻፍ

አገር ቤት ለመሥሪያ ቤት የሚገባ ማመልከቻ በታሪክ ይጀምራል፤ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደደረሰብዎ፣ ለምን እንደተቸገሩ ይተረካል፤ የሚፈለገው ነገር በመጨረሻው አንቀጽ ይመጣል። እዚህ ይህ አጻጻፍ ይጎዳል። የሰነዶች ኃላፊው የሚፈልገው ሰነዱን የሚያገኝበት ፍንጭ ብቻ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ የተቀበረ ጥያቄ ደግሞ እንደ ቅሬታ ተቆጥሮ ወደ ሌላ ክፍል ሊመራ ይችላል። ቅሬታ ካለዎ በሌላ ደብዳቤ ያቅርቡ፤ ሁለቱን አይቀላቅሉ።

ጥያቄና ሰነድም ይለያያሉ። «የአማርኛ አስተርጓሚ ለምን አልመጣም?» የሚለው ጥያቄ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ሰነድ የመስጠት እንጂ መልስ የመጻፍ ወይም አዲስ ሰነድ የማዘጋጀት ግዴታ የለበትም። ያው ጉዳይ ወደ ሰነድ ሲለወጥ እንዲህ ይሆናል፦ «የማርች 2024 የአስተርጓሚ ምደባ መርሐ ግብር፤ በዚያ ወር የአማርኛ አስተርጓሚ ለመመደብ በአስተርጓሚ አስተባባሪውና በአስተርጓሚ ድርጅቶች መካከል የተላኩ ኢሜይሎች።» ሁለተኛው ተፈልጎ ይገኛል።

ሰነዱን ሲገልጹ አራት ነገሮች ይኑሩት፦ የሰነዱ ዓይነት፣ የያዘው ክፍል ወይም የሥራ መደብ፣ ጊዜው ከቀን እስከ ቀን፣ ጉዳዩ። ለኢሜይል ከሆነ ሊፈለግ የሚችል ቃልም ይጨምሩ። «አማርኛ» በእንግሊዝኛ ፊደል በተለያየ መንገድ ሊጻፍ ስለሚችል፣ «አምሃሪክ» ከሚለው የተለመደ አጻጻፍ ሌላ «ኢትዮፒያን» የሚለውንም ቃል ይስጡ፤ አስተባባሪዎች የቋንቋውን ስም በአገር ስም ሲተኩት ይታያል። «ስለ አስተርጓሚ ያለውን ሁሉ» የሚል ጥያቄ ግን ሰፊ በመሆኑ ብቻ ይጓተታል።

ቀን ሲጽፉ በጣም ይጠንቀቁ። አሜሪካኖች ወርን ያስቀድማሉ፤ 03/04/2024 ለእነሱ ማርች 4 ነው፤ ቀንን ማስቀደም ለለመደ ሰው ደግሞ ኤፕሪል 3 ነው። በአንድ ወር የተሳሳተ ጥያቄ «ሰነድ አልተገኘም» የሚል ትክክለኛ ግን የማይጠቅም መልስ ያመጣል። የወሩን ስም በፊደል ይጻፉ፤ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር የመለሱት ቀን ከሆነም ደግመው ያመሳክሩ።

ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን። ደንቡ የሚጥለው የመልስ ቀነ ገደብ የተጻፈ ጥያቄን የሚመለከት ነው፤ በስልክ ወይም በመስኮት በኩል የተነገረ ነገር ቀን አያስቆጥርም። ፍርድ ቤቱ ፎርም ካለው በፎርሙ ይጠቀሙ፤ ቦታው ካልበቃ ዝርዝሩን አባሪ ያድርጉ። በእንግሊዝኛ ጽፈው መላክ ይመረጣል። መዋቅሩ ይህን ሊመስል ይችላል፦

«ለ… ፍርድ ቤት የሕዝብ ሰነዶች ኃላፊ። በጄኔራል ሩል 31.1 መሠረት የሚከተሉትን የአስተዳደር ሰነዶች እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 እስከ ጁን 30 ቀን 2024 ፍርድ ቤቱ ለአስተርጓሚዎች የከፈለውን የሚያሳይ መዝገብ ወይም ሠንጠረዥ፣ ቋንቋውን የሚያሳየው ዓምድ ካለ ከነዓምዱ። ሁለተኛ፣ በዚሁ ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የቋንቋ ድጋፍ ዕቅድ። ሦስተኛ፣ አስተርጓሚ በቀጠሮ ቀን ሳይገኝ ሲቀር የሚሠራበት የጽሑፍ መመሪያ። በኮምፒውተር ያለውን ሰነድ በነበረበት ቅርጽ በኢሜይል እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። ወጪው ከ20 ዶላር የሚያልፍ ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ግምቱን ያሳውቁኝ። የሚከለከል ክፍል ካለ የቀረውን ልከው፣ የተከለከለበትን የደንቡን ንዑስ ክፍል በጽሑፍ ይግለጹልኝ። ጥያቄው ካልጠራ በዚህ ኢሜይል ያግኙኝ።» ከሥሩ ስም፣ ቀን፣ አድራሻ።

በዚህ ናሙና ኢንቮይስ ያልተጠየቀው ሆን ተብሎ ነው። ኢንቮይሶች ብዙ ጊዜ በቋንቋ ሳይሆን በከፋይ ሒሳብ ወይም በወር ነው የሚቀመጡት፤ «የአማርኛ ኢንቮይሶችን ሁሉ» ማለት አንድ ሠራተኛ የዓመቱን ኢንቮይስ አንድ በአንድ እንዲገልጥ መጠየቅ ነው፤ ያ ደግሞ የፍለጋ ክፍያ ያስከትላል። መጀመሪያ ሠንጠረዡን ያግኙ፤ ከዚያ «በመስመር 14፣ 22 እና 31 ላይ ያሉት ኢንቮይሶች» ብለው ሁለተኛ ጥያቄ ይላኩ። ሁለት ትንንሽ ጥያቄ ከአንድ ትልቅ ጥያቄ ይፈጥናል፣ ይረክሳልም። ኤክሴል የሆነ ፋይል እንደ ኤክሴል ይጠየቅ፤ ታትሞ ተመልሶ ስካን የተደረገ ሠንጠረዥ መደመርም መፈለግም አይቻልም።

የቋንቋ ድጋፍ ዕቅዱን የስቴቱ ሕግ የሥር ፍርድ ቤቶች በጽሑፍ እንዲያዘጋጁት ያስገድዳል። ስለዚህ «የለንም» የሚል መልስ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፤ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ።

ከተላከ በኋላ ያሉት ቀናት

ፍርድ ቤቱ ጥያቄው በደረሰው በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መጀመሪያ መልስ መስጠት አለበት። አልፎ አልፎ ብቻ ችሎት ለሚቀመጡ ትንንሽ ፍርድ ቤቶች ገደቡ እስከ 30 የካላንደር ቀናት ይለጠጣል። የሥራ ቀን የሚባለው ያ ፍርድ ቤት ክፍት የሆነበት ቀን ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚከፈት የከተማ ፍርድ ቤት አምስቱን የሥራ ቀን ለመሙላት ከሁለት ሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ቀኑ አለፈ ብለው ከመቆጣትዎ በፊት የሥራ ሰዓቱን ይመልከቱ።

የመጀመሪያው መልስ ሰነዱ አይደለም። ጥያቄው መድረሱን የሚያረጋግጥና ሰነዱ መቼ እንደሚደርስ በቅን ልቦና የተገመተ ጊዜ የሚሰጥ ደብዳቤ ነው። ግምቱ በኋላ ሊሻሻል ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ ሲያገኝ «ተፈቀደ» ብሎ ይረሳዋል፤ ቀኑ ሲያልፍም አይከታተልም። የተገመተውን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። ያ ቀን ካለፈ በማግሥቱ የመከታተያ ቁጥሩን ጠቅሰው፣ አዲስ ግምት እንዲሰጥዎና እስካሁን የተገኘው እንዲላክልዎ በአጭሩ ይጻፉ። ደንቡም ፍርድ ቤቱ በጊዜው ማጠናቀቅ ካልቻለ የቻለውን ሰጥቶ ለቀሪው አዲስ ግምት እንዲያቀርብ ይጠይቃል።

ኃላፊው ጥያቄውን ለማጥራት ወይም ለማጥበብ ቢደውል ወይም ቢጽፍ ይተባበሩ፤ ብዙውን ጊዜ ሰነዱ የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው እሱ ነው። በስልክ የተስማሙትን ግን በዚያው ቀን በኢሜይል ያረጋግጡ፦ «በዛሬው ንግግራችን ጥያቄዬ በ2024 ሠንጠረዥ ብቻ እንዲወሰን ተስማምተናል፤ የኢሜይሎቹን ጥያቄ አልተውኩም።» ይህች አንድ መስመር ስትጎድል ነው ግማሹ ጥያቄ ተረስቶ የሚቀረው።

ጥያቄው ከፍርድ ቤቱ ጊዜና የሰው ኃይል በላይ ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ይህን ነግሮዎት ለማጥበብና በየጊዜው ከፋፍሎ ለመስጠት ሊስማማ ይሞክራል። ስምምነት ካልተደረሰ የቻለውን ያህል ሰጥቶ «ጨርሻለሁ» ማለት ይችላል። ይህ ከፐብሊክ ሬከርድስ አክት ጠበቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ በላይ የሚፈልጉትን ሰነድ ቅድሚያ ሰጥተው «መጀመሪያ ይህ ይላክልኝ» ይበሉ።

ቁጣ የበዛበት፣ ሠራተኛ በስም የሚዘልፍ ወይም የሚያስፈራራ ጥያቄ አይላኩ። ለማዋከብ ወይም ለማስፈራራት የቀረበ ነው ተብሎ የታመነበትን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ መከልከል ይችላል። የዳኛ ወይም የሠራተኛ ደኅንነት አደጋ ላይ ይወድቃል ከተባለም እንደዚሁ። በትሕትና የተጻፈ ጥያቄ ይህን ሰበብ ያሳጣቸዋል።

ክፍያው

ሰነድ ቢሮ ሄዶ ማየት ነፃ ነው። ለቅጂ ግን ሊከፈል ይችላል፤ ሌላ ደንብ ወይም ሕግ የተለየ ዋጋ ካልወሰነ በቀር ጣራው በፐብሊክ ሬከርድስ አክት የተፈቀደው ነው፦ በወረቀት ለገጽ 15 ሳንቲም፣ ወረቀቱ ስካን ሲደረግ ለገጽ 10 ሳንቲም፣ በኮምፒውተር ያለ ፋይል ሲላክ ለአራት ፋይል 5 ሳንቲም፣ ለአንድ ጊጋባይት ማስተላለፊያ 10 ሳንቲም። 120 ገጽ በወረቀት 18 ዶላር ሲሆን፣ ስካን ተደርጎ 12 ዶላር ነው። ያው መረጃ በ40 ኤሌክትሮኒክ ፋይል ቢላክ የፋይሎቹ ዋጋ 50 ሳንቲም ብቻ ይሆናል። በኢሜይል መጠየቅ የሚመከረው ለዚህ ነው።

የማያስቡት ወጪ የፍለጋው ነው። ፍለጋው ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደ፣ ከሁለተኛው ሰዓት ጀምሮ በሰዓት እስከ 30 ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። አራት ሰዓት የወሰደ ፍለጋ የመጀመሪያው ሰዓት ተቀንሶ 90 ዶላር ይደርሳል። ለሥራ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ሰነድ መፈለጊያ መክፈል ያልለመደ ሰው ይህ ይደንቀዋል። በደብዳቤው ውስጥ የወጪ ወሰን ማስቀመጥ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍርድ ቤቱ ከተገመተው የቅጂ ወጪ የማይበልጥ ቀብድ ሊጠይቅ ይችላል። ሰነዱ በክፍል በክፍል የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ አንዱ ክፍል ተዘጋጅቶ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰዱት ወይም ካላዩት፣ ቀሪውን የማዘጋጀት ግዴታ አይኖርበትም። ኢሜይሉ ወደ ስፓም ገብቶ ጥያቄያቸው የተዘጋባቸው ሰዎች ጥፋታቸው ይህ ብቻ ነው፤ የፍርድ ቤቱን አድራሻ በእውቂያ ዝርዝርዎ ውስጥ ያስገቡ።

የሚከለከለው ምንድን ነው?

የቤት አድራሻና ስልክ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የመታወቂያ ፎቶግራፍ አይሰጥም። በኢንቮይስ ላይ የአስተርጓሚው የቤት አድራሻ በጥቁር ተሸፍኖ ቢመጣ ተገቢ ነው፤ የተከፈለው ገንዘብ፣ ቀኑና ቋንቋው ከተሸፈነ ግን ምክንያቱን ይጠይቁ። ዳኞች ብቻቸውን፣ ከሠራተኛ ጋርም ቢሆን፣ ያደረጉት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይከለከላል። ለሥራ ዕጩዎች የተሰጠ ግምገማና የድጋፍ አስተያየትም እንዲሁ።

ረቂቅ፣ ማስታወሻና የውስጥ ሐሳብ መለዋወጫ ጽሑፍ በአጠቃላይ አይሰጥም። ነገር ግን ያ ሰነድ በክፍት ስብሰባ ላይ ከተጠቀሰ ወይም ፍርድ ቤቱ ለወሰደው አስተዳደራዊ እርምጃ ምክንያት አድርጎ ከጠቀሰው ክልከላው ይነሣል። ስለዚህ የውስጥ ማስታወሻ ከመጠየቅዎ በፊት የስብሰባ አጀንዳዎችንና የወጡ ማስታወቂያዎችን ያንብቡ፤ «በዚህ ቀን በወጣው ማስታወቂያ የተጠቀሰው ጥናት» ብሎ መጠየቅ «የውስጥ ረቂቅ ነው» የሚለውን መልስ ያዳክማል።

በፍርድ ቤቱ ወይም ከእሱ ጋር በውል በሚሠራ ሰው ላይ የቀረበ ቅሬታ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ሰነዱ፣ ቅሬታ አቅራቢው ማን እንደሆነም ጭምር፣ ይጠበቃል። የምርመራው ውጤት ግን አይከለከልም። በአስተርጓሚ ላይ ስለቀረበ ቅሬታ የሚጠይቅ ሰው «የተጠናቀቁ ምርመራዎች ውጤት» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ «የቅሬታ ፋይሎች» ብሎ ከጠየቀ በሩ በቀላሉ ይዘጋበታል።

የተወሰነ መስመር መከልከሉ ገጹን ሁሉ አያስከለክልም። ፍርድ ቤቱ ከጠየቁት ያጎደለውን በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። «ሰነዱ ሚስጥራዊ ነው» የምትል አንዲት መስመር ምክንያት አይደለችም፤ የትኛው ንዑስ ክፍል የትኛውን ገጽ እንዳስከለከለ ፍርድ ቤቱ መመለስ ይኖርበታል።

መልሱ ካላረካዎ

መጀመሪያ ጉድለቱን ለይተው ለሰነዶች ኃላፊው ይጻፉ፦ «በአንደኛው ተራ የጠየቅሁት የሜይ ወር ሠንጠረዥ አልደረሰኝም፤ በገጽ 7 ላይ የተከፈለው መጠን ተሸፍኗል፣ የተሸፈነበት ምክንያት ግን አልተጻፈም።» ይህ ደብዳቤ ከትሕትና በላይ ጥቅም አለው። ጉዳዩ በመጨረሻ ሱፒሪየር ኮርት ቢደርስ፣ ዳኛው የጠበቃ ወጪ እንዲከፈልዎ ሊያዝ የሚችለው መልሱ ጉድለት እንደነበረበት፣ እርስዎ ጉድለቱን ለይተው እንዳመለከቱና ፍርድ ቤቱ እንዳላረመው ሲያረጋግጡ ነው። ያኔ ደብዳቤው ከሌለ መከራከሪያው ይጎድልዎታል።

ካልታረመ የውስጥ ድጋሚ ምርመራ ይጠይቃሉ። የኃላፊው መልስ የሚከተለውን የቅሬታ ሥርዓት በአጭሩ መግለጽ አለበት፤ ፎርሙም ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ጊዜው ኃላፊው ከወሰነበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን ነው። የሚያየው የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዲንግ ጃጅ (ፍርድ ቤቱን የሚመራው ዳኛ) ወይም እሱ የሚወክለው ዳኛ፣ በመሥሪያ ቤት ከሆነ ዳይሬክተሩ ነው። ሒደቱ ቀላልና አጭር ነው፤ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ መታየት፣ ካልተቻለም በእነዚያው ቀናት ውስጥ ቅርብ ቀጠሮ መያዝ አለበት። ማመልከቻው ሁለት ገጽ ቢሆን ይበቃል። የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ የመጣውን መልስና የጉድለት ደብዳቤውን አያይዘው፣ በእያንዳንዱ የተከለከለ ሰነድ ሥር አንድ አንቀጽ ይጻፉ።

ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ ለመውጣት 30 ቀን አለዎት፤ ከሁለት መንገድም ይመርጣሉ። አንደኛው በሱፒሪየር ኮርት የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፤ የሚቀርበው ሪት በሚባለው የትእዛዝ አቤቱታ ስለሆነ የሥነ ሥርዓቱ ስሕተት ብቻውን ጉዳዩን ሊያስጥል ይችላል፣ ጠበቃ ማማከር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከሌላ ፍርድ ቤት የሚመጣ ዳኛ በቀላል ሒደት እንዲያየው መጠየቅ ነው። ለፍርድ ቤት በቀጥታ ተጠሪ ያልሆነ መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ የሚያየው ሰው ሁለታችሁም የምትስማሙበት ይሆናል፤ ካልተስማማችሁ የዚያ ካውንቲ ሱፒሪየር ኮርት ፕሬዚዲንግ ጃጅ ራሱ ያየዋል ወይም ሰው ይሾማል። ክርክሩ በሁለት ገጽ የሚሸፈንና በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል። በዚህ ቢሸነፉም ውሳኔው ወደ ሱፒሪየር ኮርት ሊወሰድ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ርካሹን መሞከር በሩን አይዘጋብዎትም። የጠበቃ ወጪ የሚያስገኘው ግን የሱፒሪየር ኮርቱ መንገድ ብቻ ነው።